የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት ሐኪም የመጀመሪያ ዓመት፦ የሥልጠናው ይዘትና ለሕፃናት ሕይወት ያለው ፋይዳ

የታመመ ሕፃን ይዞ በምሽት ወደ ማስተማሪያ ሆስፒታል የሚደርስ ወላጅ በአብዛኛው በቅድሚያ የሚያገኘው በዕድሜው ወጣት የሆነ ሐኪም ነው። ሐኪሙ ሕፃኑን መርምሮ፣ የሕክምና ትእዛዝ ጽፎ፣ አንዳንድ ጊዜም ስልክ አንሥቶ ከሌላ ሐኪም ጋር ተመካክሮ ሕክምናውን ይጀምራል። በዚህ ጊዜ «ልጄን የሚያክመው ሐኪም ነው ወይስ ተማሪ?» የሚል ጥያቄ በብዙ ወላጆች ልብ ያድራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግልጽ መልስም ይገባዋል። ይህ ጽሑፍ የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት ሐኪም ማን እንደሆነ፣ በመጀመሪያው የሥልጠና ዓመት ምን እንደሚማር፣ ሥራው በምን ዓይነት ክትትል እንደሚከናወን፣ እንዲሁም ወላጆችና አስታማሚዎች ለሕፃኑ ደኅንነት ምን ድርሻ እንዳላቸው ያብራራል።

ሬዚደንት ሐኪም ማን ነው?

ሬዚደንት ሐኪም የሕክምና ዶክትሬት ትምህርቱን አጠናቅቆ፣ የኢንተርንሺፕ ጊዜውን ፈጽሞና የሙያ ፈቃድ አግኝቶ፣ በአንድ የሕክምና ዘርፍ ስፔሻሊስት ለመሆን በሥልጠና ላይ የሚገኝ ባለሙያ ነው። ስለሆነም ሬዚደንት ሐኪምም ነው፤ ሠልጣኝም ነው። በአገራችን ወደ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የሚገባው በአገር አቀፍ ደረጃ በሚሰጥ የመግቢያ ፈተና ተወዳድሮ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሠልጣኞች አስቀድመው በጤና ጣቢያዎችና በሆስፒታሎች በጠቅላላ ሐኪምነት ያገለገሉ ናቸው።

የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና 3 ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ እንዲሁም በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐዋሳና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ይሰጣል። ሥልጠናውን ያጠናቀቀ ሐኪም የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊስት ይባላል። ከዚያም በኋላ በልብ፣ በኩላሊት፣ በካንሰር፣ በጨቅላ ሕፃናትና በመሳሰሉት ጠባብ ዘርፎች በሰብ ስፔሻሊቲ ደረጃ ሊቀጥል ይችላል።

በሥልጠናው ውስጥ ደረጃዎች አሉ። በታችኛው ደረጃ ኢንተርን ሐኪም፣ ከእርሱ በላይ የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት፣ ቀጥሎ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ሬዚደንቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሆስፒታል ቋንቋ «ሲኒየር» የሚባለው ስፔሻሊስት ሐኪም ይገኛል። የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ከታማሚው አልጋ አጠገብ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፍ ሐኪም ነው። የሕፃኑን ሁኔታ በቅርብ ይከታተላል፤ ያየውንም ወደ ላይ ያሳውቃል። ዋና ዋና ውሳኔዎች ግን በእርሱ ብቻ አይወሰኑም። ከዚህ የተነሣ ወላጅ የሚያየው አንድ ሐኪም ቢሆንም፣ ከበስተጀርባው በደረጃ የተያያዘ ቡድን አለ።

ሕፃን መጠኑ ያነሰ አዋቂ አይደለም

ጠቅላላ ሐኪም ከጨቅላ ሕፃን እስከ አረጋዊ ያሉ ሕሙማንን ያያል። ወደ ሕፃናት ሕክምና ሥልጠና ሲገባ ግን በቅድሚያ የሚጠበቅበት በአዋቂዎች የለመደውን መለኪያ መተው ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ያለጊዜው ተወልዶ ከ1 ኪሎ ግራም ብዙም ከማይበልጥ ጨቅላ ጀምሮ 40 ኪሎ ግራም እስከሚመዝን ልጅ ድረስ ሊያክም ይችላል። ለአንዱ ጤናማ የሆነው ቁጥር ለሌላው የአደጋ ምልክት ነው።

ትንፋሽን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በእረፍት ላይ ያለ አዋቂ በደቂቃ 50 ጊዜ ቢተነፍስ በጽኑ ታሟል ማለት ነው። የአንድ ወር ጨቅላ ግን 50 ጊዜ ቢተነፍስ ትንፋሹ ጤናማ ሊሆን ይችላል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ትንፋሽ ፈጣን ነው የሚባለው ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ትንፋሹ የሚቆጠረው ሕፃኑ ጸጥ ባለበት ጊዜ፣ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ነው። ይህ ቀላል የሚመስል ተግባር ነው፤ ሆኖም የሳምባ ምችን ከተራ ጉንፋን ለመለየት ከሚረዱት ዋና መንገዶች አንዱ በመሆኑ፣ የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ሳይሰለች ደጋግሞ የሚፈጽመው ልማድ እንዲሆን ይደረጋል።

የመድኃኒት አሰጣጥም እንዲሁ የተለየ ነው። ለሕፃናት መድኃኒት የሚታዘዘው በክብደት ተሰልቶ ነው። ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት ሕፃኑ መመዘን አለበት፤ ስሌቱም በነርስና በፋርማሲ ባለሙያ ዳግም ይታያል። የነጥብ ቦታ አንድ ጊዜ ቢዛነፍ መጠኑ አሥር እጥፍ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። እንደ ጀንታማይሲን ያሉ፣ ከመጠን ሲያልፉ ኩላሊትንና የመስማት ኃይልን የሚጎዱ መድኃኒቶች ሲታዘዙ ይህ ጥንቃቄ የበለጠ ይጠብቃል።

በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽም የራሱ ስሌት አለው። በስፋት የሚሠራበት ዘዴ በ24 ሰዓት ለመጀመሪያዎቹ 10 ኪሎ ግራም በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር፣ ለሚቀጥሉት 10 ኪሎ ግራም በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር የሚያሰላው ነው። በዚህ መሠረት 12 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን የዕለት ፍላጎቱ 1,100 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ መነሻ ቁጥር ነው፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ደምም ቢሆን በጥንቃቄ የሚቀዳ ነው። 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጨቅላ በሰውነቱ ያለው ደም በጠቅላላ አንድ የውኃ ብርጭቆ ያህል በመሆኑ፣ ለምርመራ የሚወሰደው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ይታሰብበታል።

ከሁሉ በላይ ሠልጣኙ ሊገነዘበው የሚገባ አንድ ባሕርይ አለ። የሕፃን ሰውነት ሕመምን ለተወሰነ ጊዜ በብርቱ ይቋቋማል፤ ከዚያም በድንገት ይደክማል። ደም ወይም ፈሳሽ ያጣ ሕፃን የልብ ምቱን አፍጥኖ፣ የእጅና የእግሩን የደም ሥሮች አጥብቦ የደም ግፊቱን እንደነበረ ሊያቆየው ይችላል። ግፊቱ ሲወርድ የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት የግፊት መለኪያውን ብቻ አይጠብቅም። የሕፃኑን እጅና እግር ዳስሶ ቅዝቃዜ መኖሩን፣ ጥፍሩን ተጭኖ ሲለቅ ቀለሙ ከ3 ሰከንድ በላይ ዘግይቶ መመለሱን፣ የልብ ምቱ ደካማና ፈጣን መሆኑን መርምሮ ማወቅ ይጠበቅበታል። የመጀመሪያው ዓመት ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው፤ አደጋን ከመድረሱ በፊት ማወቅ።

የዓመቱ አደረጃጀት

የመጀመሪያው ዓመት ሠልጣኙ በተለያዩ ክፍሎች እየተዘዋወረ የሚሠራበት ነው። ተኝተው የሚታከሙ ሕፃናት ክፍል፣ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍልና የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

የሥራው ቀን በማለዳ ስብሰባ ይጀምራል። ሌሊት ተረኛ የነበረው ቡድን የተቀበላቸውን ሕሙማን ያቀርባል፤ ሲኒየር ሐኪሞችም የተወሰደውን እርምጃ ይመረምራሉ፤ ይጠይቃሉ፤ ያርማሉ። ቀጥሎ ቡድኑ ከአልጋ ወደ አልጋ እየተዘዋወረ እያንዳንዱን ሕፃን ያያል። የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ከዚህ ጉብኝት በፊት ሕፃናቱን ቀድሞ መርምሮ፣ የሌሊቱን ለውጥ አውቆ፣ የላቦራቶሪ ውጤቶችን ሰብስቦ መገኘት አለበት። ከጉብኝቱ በኋላ የተወሰኑት ጉዳዮች ይፈጸማሉ። የደም ሥር መስመር ይከፈታል፤ ማጅራት ገትር ሲጠረጠር ከወገብ ፈሳሽ ይወሰዳል፤ ደም የሚያስፈልገው ሕፃን ደም እንዲያገኝ ይደረጋል፤ የተሻለው ሕፃን ለወላጆቹ በቂ ማብራሪያ ተሰጥቶ ይሰናበታል። የማታና የሌሊት ተረኝነት ደግሞ በየተራ ይደርሳል።

በድንገተኛ ክፍል፦ ማንን በቅድሚያ?

ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ ሕፃናት የሚታዩት በመጡበት ቅደም ተከተል አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ድንገተኛ ልየታ ሥርዓት መሠረት በሦስት ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ ወዲያውኑ ሕክምና ካልተጀመረላቸው ሕይወታቸው የሚያልፍ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ሲሆኑ፣ ሦስተኛዎቹ ተራ መጠበቅ የሚችሉ ናቸው።

የአስቸኳይ ምልክቶቹ የሚፈተሹት በተወሰነ ቅደም ተከተል ነው። የአየር መተላለፊያው ክፍት ነውን? ሕፃኑ ይተነፍሳልን? የደም ዝውውሩ በቂ ነውን? ራሱን ስቷልን ወይስ ያንቀጠቅጠዋልን? ተቅማጥ ካለውስ ሰውነቱ ፈሳሽ አጥቷልን? ከነዚህ አንዱ ከተገኘ ሐኪሙ ሙሉ የሕመም ታሪክ እስኪጽፍ ሳይጠብቅ ሕክምና ይጀምራል። በሌላ በኩል ከ2 ወር በታች የሆነ ማንኛውም የታመመ ሕፃን፣ ቃጠሎ የደረሰበት፣ መርዝ የጠጣ፣ በጣም የገረጣ፣ ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ ወይም በጣም የከሳ ሕፃን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ወገን ነው። ከሌላ የጤና ተቋም በአስቸኳይ የተላከ ሕፃንም እንዲሁ። በመጠበቂያ ክፍል ተቀምጠው ሌላ ሕፃን ቀድሟቸው ሲገባ የሚያዩ ወላጆች ይህንን ምክንያት ቢያውቁት መልካም ነው።

ለጠቅላላ ሐኪም የለመደውን መተው የሚያስፈልግበት አጋጣሚ እዚህም አለ። ከሕሙማን ብዛትና ከወላጆች ጭንቀት የተነሣ ሠልጣኙ ፈጥኖ ብዙ ነገር የማድረግ ግፊት ያድርበታል። ብዙ ማድረግ ግን ሁልጊዜ መርዳት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ይፋ የሆነ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3,100 በላይ ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም የታየባቸው ሕፃናት ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር በፍጥነት ሲሰጣቸው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት 10.5 በመቶ ያህል ነበሩ። ይህ ፈጣን ፈሳሽ ካልተሰጣቸው መካከል የሞቱት ግን 7.3 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ በተቅማጥ ምክንያት ፈሳሽ ያጡትንና በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱትን ሕፃናት አላካተተም። ትምህርቱ ፈሳሽ ጎጂ ነው የሚል አይደለም፤ ለየትኛው ሕፃን፣ ምን ያህልና በምን ፍጥነት የሚለው በጥንቃቄ ይወሰን የሚል ነው።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል

ብዙ ቤተሰቦች «ማሞቂያ ክፍል» ብለው የሚጠሩት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ከሁሉ የሚከብደው የሥልጠና ቦታ ነው ማለት ይቻላል። የክፍሉን ክብደት የአገራችን አኃዝ ያስረዳል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በ1992 ዓ.ም. በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ግን በተመሳሳይ ጊዜ ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው የቀነሱት። በሌላ አገላለጽ፣ ቀድሞ ከአምስት ዓመት በታች ከሚደርሰው ሞት 30 በመቶ ያህሉ የጨቅላዎች ሞት የነበረ ሲሆን፣ በኋለኛው ጥናት ድርሻው ከ40 በመቶ በላይ ሆኗል። ክትባትና የማኅበረሰብ ጤና አገልግሎት ብዙ ሕፃናትን አትርፏል፤ የሚቀረው ሸክም ግን ይበልጡን በመጀመሪያው ወር ላይ ወድቋል።

በዚህ ክፍል ጊዜ የሚለካው በደቂቃ ነው። ተወልዶ ያላለቀሰና ያልተነፈሰ ጨቅላ ደርቆና ተነቃቅቶ ትንፋሽ ካልጀመረ፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በጭንብልና በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት መርዳት ያስፈልጋል። ሬዚደንቱ ይህንን ክህሎት በአሻንጉሊት ላይ ደጋግሞ ይለማመዳል፤ ምክንያቱም በእውነተኛው ደቂቃ ለማሰብ የሚተርፍ ጊዜ የለም።

ሙቀትም ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። የጨቅላ ሕፃን የሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሆን አለበት። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ቆዳው ስስ፣ ስቡም ጥቂት በመሆኑ በቀላሉ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ስኳሩ ይወርዳል፤ ትንፋሹም ይቋረጣል። ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች ሁሉ ቀላሉ የእናት ደረት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የተጀመረው የካንጋሮ እናት እንክብካቤ ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማቆየትን ይጠይቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ይፋ የሆነ፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው፣ ክብደታቸው ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ ግራም በታች የሆኑ ሕፃናት እንክብካቤው እንደተወለዱ ወዲያውኑ ሲጀመርላቸው በ28 ቀናት ውስጥ የሞቱት 12 በመቶ ሲሆኑ፣ ሁኔታቸው እስኪረጋጋ ተጠብቆ ከተጀመረላቸው መካከል ግን 15.7 በመቶው ሞተዋል። ስለዚህ ሬዚደንቱ እናቲቱን የሕክምናው ቡድን አባል አድርጎ ማየትን ከዚህ ክፍል ይማራል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ሕክምና

በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ሕክምና ከተራ አስተሳሰብ ጋር ይጋጫል። የተራበን ቶሎ ማጥገብ ተፈጥሯዊ ፍላጎት ነው። ነገር ግን የዚህ ሕፃን ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት ስለደከሙ በድንገት የሚሰጥ ብዙ ምግብና ፈሳሽ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ሕክምናው ኤፍ 75 በሚባለው፣ ፕሮቲኑና ጨው መጠኑ ዝቅ ባለ ወተት በጥቂት በጥቂቱ፣ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ጭምር ይጀመራል። ሕፃኑ ከተረጋጋና የምግብ ፍላጎቱ ከተመለሰ በኋላ ወደ ኤፍ 100 ወይም ለመብላት ወደ ተዘጋጀው አልሚ ምግብ ይሸጋገራል።

ደሙ ያነሰ ቢሆንም የብረት ማዕድን በመጀመሪያው ምዕራፍ አይሰጠውም። እግሩ ያበጠ ቢሆንም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት አይታዘዝለትም። ትኩሳት ባይኖረውም ኢንፌክሽን እንዳለበት ታስቦ ፀረ ተሕዋስያን ይጀመርለታል። የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት እያንዳንዱ ትእዛዝ ከነምክንያቱ እንዲገባው ይጠበቃል፤ «ልጄ ተርቦ ሳለ ስለ ምን ይህን ብቻ ትሰጡታላችሁ?» ብላ ለምትጠይቅ እናት ምክንያቱን የሚያስረዳው እርሱ ነውና።

መጥራትን ማወቅ

ከመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት የሚጠበቀው ሁሉን ማወቅ አይደለም። የሚጠበቀው ከዐቅሙ በላይ የሆነውን በጊዜ ለይቶ መጥራት ነው። በሌሊት ሲኒየርን ከእንቅልፍ መቀስቀስ ለአዲስ ሠልጣኝ ይከብደዋል። በአገራችን ለታላቅ የሚሰጠው ክብርና «ይህን እንኳ አያውቅም» የመባል ሥጋት ተደምረው ስልኩን እንዳያነሣ ሊያደርጉት ይችላሉ። ዝምታው ግን በሕፃኑ ላይ ይቆጠራል። ስለዚህ ጥሩ የሥልጠና ክፍል የሚታወቀው የሚጠራውን ሠልጣኝ በማመስገኑ ነው። ትንፋሹ እየከፋ የሄደ፣ ከኦክስጅን ጋር እንኳ ያልተሻለው፣ ንቃቱ የቀነሰ፣ መንቀጥቀጡ ያልቆመ ወይም በሕክምና ላይ እያለ ያልተሻሻለ ሕፃን ሲኖር ሲኒየር ይጠራል። «ምክንያቱን አላወቅሁም፤ ግን ሁኔታው አላማረኝም» ማለትም በቂ የመጥሪያ ምክንያት ነው።

ርክክብም የዚሁ አካል ነው። ተረኛው ሲወጣ ለሚገባው ሐኪም ከሁሉ የጠናው ሕፃን ማን እንደሆነ፣ የትኛው ውጤት እንደሚጠበቅ፣ ሁኔታው ቢለወጥ ምን እንደሚደረግ በቃልም በጽሑፍም ያስረክባል። ተቀባዩም የሰማውን ደግሞ ይናገራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 በአሜሪካና በካናዳ በሚገኙ 9 ሆስፒታሎች በሕፃናት ሕክምና ሬዚደንቶች መካከል የተደረገ ጥናት፣ ርክክቡ ወጥ በሆነ ቅደም ተከተል እንዲካሄድ ሲደረግ የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። አዲስ መሣሪያ ወይም መድኃኒት ሳይጨመር የተገኘ ውጤት ነው።

ከወላጅ ጋር መነጋገር

ሕፃን የት እንዳመመው አይናገርም፤ ታሪኩን የሚናገርለት እናቱ ወይም አስታማሚው ናቸው። እናት «ልጄ እንደ ወትሮው አይደለም» ስትል ሐኪሙ በምርመራ ገና ያላገኘውን ለውጥ አይታ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ይህን ቃል እንደ አንድ የሕመም ምልክት መዝግቦ ሕፃኑን ዳግም እንዲመረምር ይማራል።

በአገራችን ብዙ ቋንቋዎች ስለሚነገሩ ሐኪሙና እናቲቱ የማይግባቡበት አጋጣሚ አለ። በዚህ ጊዜ ነርስ ወይም ሌላ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ያስተረጉማል። በሌላ በኩል አንዳንድ ሕፃናት እንጥላቸው ተቆርጦ፣ ድዳቸው ተፈልፍሎ ወይም ልዩ ልዩ የባህል መድኃኒት ጠጥተው ይመጣሉ። ወላጅ ይህን የሚደብቀው ተግሣጽን ፈርቶ ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ ያለ ወቀሳ ጠይቆ፣ እውነቱን ካወቀ በኋላ በአክብሮት እንዲያስተምር ይመከራል። የተገሠጸች እናት በሚቀጥለው ጊዜ ትዘገያለች፤ በመዘግየቷም የሚጎዳው ሕፃኑ ነው።

ሕክምናው ሁሉ ተደርጎለት የሚሞት ሕፃንም ይኖራል። መርዶ መንገር በመጽሐፍ ብቻ የሚለመድ ክህሎት ባለመሆኑ ሠልጣኙ በቅድሚያ ሲኒየሩ ሲነግር አጠገቡ ሆኖ ያያል። እናቲቱ ብቻዋን እንዳትሰማ ዘመድ ይጠራል፤ ጸጥ ያለ ቦታ ይመረጣል፤ ተቀምጦና ሳይቸኩል በማያሻማ ቃል ይነገራል። ሐኪሙም ሰው ነውና ያዝናል። ድካምና ኀዘን ሲደራረቡ ከባልደረባና ከአሠልጣኝ ጋር መነጋገር የሙያው ግዴታ አካል እንጂ የድክመት ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ወላጆችና አስታማሚዎች ምን ማድረግ ይችላሉ?

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ነጥቦች የሐኪሙን ሥራ ያግዛሉ፤ የሕፃኑንም ደኅንነት ይጠብቃሉ።

1. የክትባት ካርድ፣ የቀድሞ የሕክምና ማስረጃና ሕፃኑ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትን ጨምሮ፣ ይዞ መምጣት ወይም መናገር።

2. ሕፃኑ ከመድኃኒት በፊት መመዘኑን ማረጋገጥ፤ ለየትኛውም መድኃኒት «ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ። ጥያቄው ሐኪሙን እንደ መዳፈር አይቆጠርም።

3. ተኝቶ በሚታከም ሕፃን ላይ አዲስ ለውጥ ሲታይ የጉብኝት ሰዓትን ሳይጠብቁ ነርስ ወይም ሐኪም መጥራት።

4. የሚያክመው ሐኪም ማን እንደሆነና ኃላፊው ሲኒየር ማን እንደሆነ መጠየቅ። ይህንን ማወቅ የወላጅ መብት ነው።

5. ሕፃኑን ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ጠያቂዎችንም ማስታጠብ።

በቤት ያለ ሕፃን ከሚከተሉት አንዱ ከታየበት ሳይዘገዩ ወደ ቅርብ የጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል፦ መጠጣት ወይም ጡት መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ። በጨቅላ ሕፃን ላይ ደግሞ ትኩሳት፣ የሰውነት መቀዝቀዝ፣ የእትብት አካባቢ መቅላት ወይም መግል መያዝ፣ እንዲሁም በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚታይ የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን አስቸኳይ ምልክቶች ናቸው።

ሙያውን ለመምረጥ ለሚያስቡ ሐኪሞች

የሕፃናት ሕክምናን ለመምረጥ የሚያስቡ ጠቅላላ ሐኪሞች ከመወሰናቸው በፊት በሕፃናት ክፍል አንድ ሙሉ የተረኝነት ሌሊት ቢያሳልፉ ይጠቀማሉ። የሙያው አድካሚነትም እርካታውም ጎልቶ የሚታየው በዚያ ነው። በጠና ታሞ የገባ ሕፃን በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ተነሥቶ ሲጫወት ማየት በዚህ ሙያ የተለመደ ነው። ለመግቢያ ፈተና ከሚደረገው ዝግጅት ጎን ለጎን የሕፃናት ድንገተኛ ልየታን፣ የጨቅላ ሕፃናትን ትንፋሽ የማስጀመር ክህሎትን፣ የተቀናጀ የሕፃናት ሕመሞች አያያዝንና የከፍተኛ ምግብ እጥረት ሕክምናን አስቀድሞ መከለስ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያቀልላል።

ማጠቃለያ

በመግቢያው ለተነሣው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ፈቃድ ያለው ሐኪም ነው፤ የሚሠራውም በበላይ ሐኪሞች ክትትል ሥር ነው። በዚህ ዓመት የሚይዘው ልማድ፣ ማለትም ትንፋሽን በሙሉ ደቂቃ መቁጠር፣ መድኃኒትን በክብደት አስልቶ ማረጋገጥ፣ የእናትን ቃል መስማትና በጊዜ መጥራት፣ ስፔሻሊስት ሆኖ በየክልሉ ሆስፒታሎች በሚያገለግልባቸው ዓመታት ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ወላጅም ያየውን ሲናገር፣ ያልገባውን ሲጠይቅና የአደጋ ምልክት እንዳየ ሳይዘገይ ሲመጣ ለልጁ ሕክምና የበኩሉን ድርሻ ይወጣል።